የብልቃጡ ክዳን

ያሰሩኝ ክፍል ቀድሞ የመዝገብ ማስቀመጫ እንደነበረ ገና ሳልቀመጥ አወቅሁ። መደርደሪያዎቹ ተነቅለው ወጥተዋል፤ ተደግፈውበት የነበረው ግድግዳ ግን ቀለም ሳይነካው በነጭ መስመር መስመር ቀርቷል። ከየመስመሩ በላይ በጥቁር የተጻፈ ቁጥር አለ። ከአንድ እስከ አሥራ አራት ቆጠርኩ። ዘጠኝ የለም። ዘጠኝ የት ሄደ ብዬ መጨነቄ ዛሬም ይገርመኛል። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ሲገባ ስለ ነፍሱ ወይም ስለ ቤቱ የሚያስብ ይመስለኝ ነበር።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ክረምት ስለነበረ እርጥበቱ በግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ወጥቷል። መስኮቱ ከራሴ በላይ ነው፤ የሚያሳየው የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ከጀሪካኑ አጠገብ የተዘረጋ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ አንዲት ሴት። እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ና፣ ተቀመጥ» አለችኝ።

የቤሌ ነጋዴ ነበረች፤ ዝንጅብልና ቅቤ ይዛ ሶዶ ትመላለሳለች። አማርኛን ገበያ ላይ ስለለመደችው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች፤ እኔንም ሴቷን እንዲሁ። በቤታችን ቋንቋ ላናግራት አፌን ስከፍት በዓይኗ ወደ በሩ አመለከተችኝ። ውጭ የቆመችው ጥበቃ ያልገባትን ንግግር አትወድም። ስለዚህ በአማርኛ ተነጋገርን። እናቴ የምትሆን ስለነበረች ግን «አዬ» አልኳት፤ እኛ ጋ እናት የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ምን አጠፋህ?»

«ዱቄት ይዤ ተገኘሁ።»

«የምን ዱቄት?»

«የኖራ።»

ትንሽ አሰበች። «ለኖራ ሰው ያስራሉ?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው።»

«እኔን ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት ነው የያዙኝ። እሱ እስኪመጣ መያዣ ነኝ። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኔ ነው» አለች። «እሱ እንደሆነ ድሮም ቀጠሮ አያከብርም።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ሳቄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ።

የተያዝኩት በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ነው። ስድስት ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች በጥጥ ጠቅልዬ፣ በብስኩት ካርቶን አሽጌ ለማውቀው ሾፌር ልሰጥ ነበር። በየብልቃጡ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ፤ በላዩ ላይ ቁጥርና ሰዓት ተጽፎበታል። የዱቄቱን ውስጥ በኤክስሬይ አይቶ አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ የሚናገረው መሣሪያ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ናሙናችንን በሰው እጅ ወደ ሌላ ከተማ እንልካለን፤ ውጤቱም ሲቀናን በወር፣ ሳይቀናን በሦስት ወር ይመጣል። ፍተሻ ላይ የነበረው ፖሊስ ካርቶኑን ከፈተ። ዱቄቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አነበበ። ደብዳቤው ላይ ሁለት ስም ነበር። አንዱ የኔ፣ ሁለተኛው የአማካሪዬ።

አማካሪዬ ወጣት መምህር ነው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ከኔ በአሥራ አራት ዓመት የሚያንስ። እሱ «አንቺ» ሊለኝ አፍሮ፣ እኔም «አንተ» ልለው አፍሬ፣ ሁለታችንም «እርስዎ» እንባባል ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ስብሰባ ላይ ስለ አካባቢው የአስተዳደር ጥያቄ ተነሥቶ ተናግሯል። የተናገረው ነገር ረጅም አልነበረም፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እኔ ከመያዜ በፊት፣ ወሰዱት። ሚስቱ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ልጁን በስልክ እንጂ በዓይኑ አላያትም።

አራት ሰዓት ላይ ጠሩኝ።

የመርማሪው ክፍል ንጹሕ ነበር። እሱም የኔ እኩያ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ ያደረገ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ስድስቱ ብልቃጦቼ ተደርድረዋል። የአንደኛው ክዳን ተነሥቶ ጎኑ ተቀምጧል። ከብልቃጡ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሻዩ ትኩስ ስለነበረ እንፋሎቱ እየተጥመለመለ ወደ ብልቃጡ አፍ ይሄዳል።

ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የትውልድ ቦታ ሲለኝ ከሃላሌ በታች ያለውን መንደራችንን ነገርኩት። ዓይኔ ግን ከእንፋሎቱ አልተነሣም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ክዳኑን ይግጠሙልኝ።»

ቀና አለ። «ለምን?»

«እርጥበት ይገባዋል።»

«እርጥበት ሲገባው ምን ይሆናል? ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም። ይለወጣል።»

«ወደ ምን?»

«ወደ ተራ የኖራ ድንጋይ።»

«አሁንስ ምንድን ነው?»

«አሁንም የኖራ ድንጋይ ነው» አልኩ። እንዳልኩት ነገሩ እንዴት እንደሚሰማ ገባኝ። «አደራደሩ ነው የሚለየው።»

ክዳኑን አልገጠመውም። ከመሳቢያው የቅጥር መዝገቤን አወጣና ገልበጥ ገልበጥ አደረገ።

«እዚህ ላይ የቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ነሽ ይላል።»

«ነኝ።»

እውነት ነው። ሶዶ የመጣሁት የሰው ቤት ልሠራ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የማታ፣ ልጆች ቀን በተቀመጡበት ዴስክ ላይ ጉልበቴ አልገባ እያለ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የመስታወት ቢከርና ቱቦ እያጠብኩ ዲግሪዬን ስይዝ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በተያዝኩበት ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ነበርኩ፤ መዝገቡ ግን እዚያው ቆሟል።

መርማሪው መነጽሩን አወለቀ። ድንገት በቤታችን ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገረኝ ጀመር። እህቴ አለኝ። አንቺ ዕቃ ታጥቢያለሽ፣ የታዘዝሽውን ታደርሺያለሽ፤ በሰው ነገር ለምን ትገቢያለሽ አለኝ። ያን ቋንቋ ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ ይዤው ነበር። ከዚያ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፦

«እኔ በቤተ ሙከራው ዕቃ አጣቢ ነኝ። ዱቄቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። የሠራውና እንድልከው ያዘዘኝ መምህሩ ነው።»

«ይሄን ስትፈርሚ ማታ ቤትሽ ነሽ» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስጠራሻለሁ። አስቢበት።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር።

አዬ ከቤት የመጣላትን ጎደሬ በላስቲክ ሳህን ይዛ ጠበቀችኝ፤ ጎኑ ላይ ዳታ አለበት። ዳታ ሽታው ብቻ ዓይን የሚያስለቅስ የተፈጨ ቃሪያ ነው። አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ አደረግሁና ማኘክ አቃተኝ። መተላለፊያው ላይ የቁልፍ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ትከሻዬ ይነሣል፤ ቁልፉ የኛን በር አልፎ ሲሄድ ትከሻዬ አይወርድም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካለበት ላይ ይነሣል።

የወረቀቱን ነገር ነገርኳት።

«ፈርምና ሂድ» አለች ሳታመነታ። «እሱ ወንድ ነው። ተምሯል። ሰው አለው። አንተ ምን አለህ?»

ምን እንዳለኝ አሰብኩ። መመረቂያ ጽሑፌ አለ፤ ሁለት ምዕራፍ ቀርቶታል።

«ያ ኖራህ ደግሞ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚፈሩት?»

ላስረዳት ሞከርኩ። ማስረዳት ከማሰብ ይሻል ነበር። «አዬ፣ የኖራ ድንጋይ ውስጡ እንደ ግንብ የተደረደረ ነው። ያው አንዱ ነገር በሦስት ዓይነት ሊደረደር ይችላል። አንደኛው የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የትም አይሄድም። የኔ መንገድ ላይ የቀረው ነው። ስሙ ቫተራይት ይባላል።»

«መንገድ ላይ እንዴት ይቀራል?»

«ከዳሞታ ተራራ አናት የተንከባለለ ድንጋይ ወገቡ ላይ ጎድጓዳ ቦታ ይዞት ሲቀር አላየሽም? ታች አልደረሰም፤ ግን ቆሟል። ካልነኩት ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው።»

«ቢነኩትስ?»

«ይወርዳል።»

«ማን ይነካዋል?»

«ውሃ። ሙቀት። ከሁሉ የሚብሰው ግን ታች የደረሰ ወገኑ ነው። ከመጨረሻው ዓይነት አንዲት ቅንጣት ውሃው ውስጥ ከገባች፣ የቀረው እሷን እያየ ይደረደራል።» ማየት የሚለው ቃል ልክ አልነበረም። ዱቄት አያይም። «ማለቴ፣ እየሟሟ እሷ ላይ ይለጠፋል» ብዬ አረምኩት።

አዬ ግን ከመታረሙ በፊት ገብቷት ነበር። «አንዱ ከፈረመ ሁሉም ይፈርማል» አለች።

«እንደሱ አይደለም። ዱቄት አይፈራም።»

«ዕድለኛ ነዋ» አለችና ጎደሬዋን ቆረሰች።

ወንዶቹ እስረኞች ካሉበት ወገን ሳል ሰማሁ፤ ደረቅ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚመጣ። አማካሪዬ በክረምት እንዲህ ይስላል። የሱ መሆኑን ግን ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ ያላረጋገጥኩትን ነገር ደግሞ ማመን አልፈልግም ነበር። ሁሉም ሰው በክረምት ይስላል አልኩ ለራሴ።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሦስተኛው ግማሹ እውነት ሊባል ይችላል፤ ደብዳቤው ላይ ፈርሟል። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ግን አጭር ነው፤ አላውቅም ማለት ምን ያህል ውሸት ነው? ስለ ቫተራይት ዓለም ገና ያላወቀው ብዙ ነገር አለ። እንዲህ እያልኩ ለፊርማዬ መንገድ እጠርግ ነበር። ሳሉ ሲመጣ ልጁ ትዝ ትለኛለች፤ ሳሉ ሲቆም ቤቴ ትዝ ይለኛል። የሚፈጥን ሰዓት ቢኖር ዘጠኝን አምጥቶ በገላገለኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያስቸገረኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ ያ ዱቄት አልያዝ ብሎን ነበር። ጨው የሟሟባቸው ሁለት ጥርት ያሉ ውሃዎች ስንቀላቅል ወዲያው ነጭ ይሆናል፤ ፈጥነን አጥልለን፣ በአልኮል አጥበን እናደርቀዋለን። አንድ ቀን የፈለግነው ይወጣል። በሚቀጥለው ቀን በዚያው መጠን፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ደቂቃ የተሠራው ታች የደረሰው ተራው ዓይነት ይሆናል። አማካሪዬ ኬሚካሉን ጠረጠረ፤ አየሩን ጠረጠረ። እኔ ቢከሩን አነሣሁና ደርቆ እያለ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ዕቃ ሲርስ ንጹሕ ይመስላል። ሲደርቅ ግን ከግርጌው በጣም ስስ የሆነ ጉም አለበት፤ ውሃው በዓመታት ትቶት የሄደ ኖራ ነው። ለሃያ ዓመት ያጠበ ሰው ካልሆነ አያየውም። ቅንጣቷ ከዚያ ነበር የምትመጣው። ዕቃዎቹን ሁሉ በቀጭን አሲድ እንደገና አጠብኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዱቄቱ ያዘ። አማካሪዬ ተማሪዎች ፊት «ይህን ያገኙት እርሳቸው ናቸው» አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አዬ» አልኳት። «አንቺ ወንድምሽ የት እንዳለ ብታውቂ ትነግሪያቸው ነበር?»

ከጥርሷ መካከል የቀረውን በምላሷ አወጣች። «የምቆየው ስለማላውቅ ነው» አለች። «ባውቅ ምን እንደማደርግ ጌታ ያውቃል። እኔ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ፈርም አላለችኝም። አትፈርምም አላለችኝም። የነጠላዋን ጫፍ ከጀሪካኑ አርሳ ሰጠችኝና ፊቴን ጠረግሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስጠራ ልፈርም ወስኜ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ነገር መስሎ እንዳይታይ ነው።

መርማሪው እንድቀመጥ አዘዘኝ። ሻዩ ተነሥቷል። ክዳኑ አሁንም አልተገጠመም፤ ሁለተኛ አልጠየቅሁም። በንግግሩ ሁሉ ጠዋት ስለ እርጥበቱ የነገርኩትን፣ ዱቄቱን እንደማውቅ የሚያሳብቀውን፣ አላነሣም። ልብ ያላለው ይሁን ልብ ብሎ የተወው እስከዛሬ አልለየሁም።

«ላንብብልሽ?» አለ።

«አነባለሁ።»

«ግድ የለም፣ ላንብብልሽ» አለና ማንበብ ጀመረ። ማንበብ ለማይችል ሰው እንደሚነበብ ቃል በቃል፣ ጣቱን ከሥሩ እያስኬደ አነበበው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበበ፤ ምንም አልሆንኩም። «ዱቄቱ ምን እንደሆነ አላውቅም» ሲል አንገቴ ሥር አንድ ነገር ሞቀኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ሰው የጠየቀኝን ሁሉ የመለስኩበት ቃል ነው። ደብዳቤ አንብቢ ሲሉኝ፣ የመድኃኒቱ ወረቀት ምን ይላል ሲሉኝ፣ ዛሬ ስንት ነው ሲሉኝ። ከዚያ ቃል ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ እሱ አያውቅም።

በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ መምህሩ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ሐሳቤ ውስጥ የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ሳሉን ይዞ፣ ልጁን ይዞ።

«ማረም ይፈቀዳል?» አልኩ።

«ምን ማረም?»

«ቃሉ የኔ ከሆነ።»

እስክርቢቶውን ሰጠኝ። በቤተ ሙከራ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፤ አይደለዝም። ከሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፤ ትክክሉ ከላይ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ጎኑ ላይ ይፈርማል። ይህን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስንት ጊዜ ነግሬአለሁ። ዕቃ አጣቢ የሚለውን አልነካሁትም፤ እውነት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ቀጥ አላለም፤ እሱ አሳፈረኝ። ከላይ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ዱቄቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዲላክ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ።»

በሁለቱም እርማት ጎን ፈረምኩና ሰዓቱን ጻፍኩ።

መርማሪው አነበበው። መነጽሩን አስተካክሎ እንደገና አነበበው። «ይሄ የሚከብደው አንቺን ነው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«እህቴ» ብሎ ጀመረና ተወው። ጥበቃዋን ጠራት።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ አዬ ፊቴን አየች እንጂ አልጠየቀችም። ካርቶኑን ወደ እኔ ወገን ሳብ አደረገችው፤ ያ ደረቁ ወገን ነበር። ያን ቀን ምሽት ላይ በሁለት እጇ እጄን ይዛ መዝሙር አንጎራጎረች፤ ድምፅ ሳታወጣ፣ በአፍንጫዋ ብቻ።

ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ቀን ቆየሁ። አዬን በሃያኛው ቀኔ ለቀቋት፤ ወንድሟ ይምጣ አይምጣ አልሰማሁም። የዱቄቱ የምርመራ ውጤት ከአንድ ቦታ መጣ፤ ኖራ ነው አለ። ክስ አልተመሠረተብኝም፣ ይቅርታም አልተባልኩም። አማካሪዬ ከኔ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ወጥቶ ሚስቱ ወዳለችበት አገር ሄዷል፤ ተመልሶ አልመጣም።

አሁን እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ አስተምራለሁ። መመረቂያ ጽሑፌን ናሙናዎቹን እንደገና ሠርቼ ጨረስኩት። አንዳንድ ጊዜ ያ ወረቀት የት እንደገባ አስባለሁ። አንድ መዝገብ ውስጥ ይኖራል፤ ወይም በዚያው ሰሞን ተቀድዷል። ለማንም የጠቀመው ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። እንዲህ የምለው አማካሪዬ ባለፈው ዓመት ስለደወለልኝ ነው።

ስለ ሥራ አወራን፤ ስለ ልጁ አወራን። ከዚያ ቆም አለና፣ «በዚያ ሰሞን አንድ ወረቀት ከሩቅ አሳይተውኝ ነበር» አለ። «ዱቄቱን የሠራው እሱ ነው ብላ ፈርማብሃለች አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?» አልኩት።

«አላመንኩም።»

ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ዘግይቶ ነበር። የኔትወርኩ መሆኑን ወይም የሱ መሆኑን መለየት አልቻልኩም። «ቢያምኑም አልቀየምም» አልኩት።

አሁን ያዘገየው ኔትወርኩ አልነበረም፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ሁለት ቀን» አለ። «ሁለት ቀን አምኜ ነበር።»

ልኩን ስለነገረኝ አመሰገንኩት። እኔ ለመፈረም የፈለግሁት ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ያንን ግን አልነገርኩትም። እዚህ ጻፍኩት።